ባለ ሁለት ዓይኗ ሠራተኛ

የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ላይ ካባ ለብሶ የሚበር ጀግና ሲያይ አብሬው እቀመጣለሁ። አዲስ ሰው ገና ብቅ ሲል «ክፉው ያ ነው» እለዋለሁ፤ ተሳስቼ አላውቅም። ወይ ፊቱ ግማሹ ጥላ ውስጥ ነው፣ ወይ አንድ ዓይኑ ተሸፍኗል። ልጁ ፊልሙን ቀድሜ ያየሁት ይመስለዋል። እኔ ግን ይህን ትምህርት የጨረስኩት ቴሌቪዥን ቤታችን ሳይገባ፣ በልጃገረድነቴ አባቴ አጠገብ ቀለም እየፈጨሁ ነው።

አባቴ በጣና ዳርና በደሴቶቹ ላይ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትን የሚሥሉ ሠዓሊ ነበሩ። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ጻድቅ ፊቱ ወደ ሰው ዞሮ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይሣላል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ሰማዕታቱን የሚገርፉት ወታደሮች ደግሞ ወደ ጎን ዞረው ባንድ ዓይን ይቀራሉ። «ምእመን ቀና ሲል ዓይኑ ከርኩስ ዓይን ጋር እንዳይገጥም ነው» ይሉኝ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ግድግዳውን አይቶ ማን ማን እንደሆነ ይለያል።

በደርግ ጊዜ አንድ ዘይት መጭመቂያ ውስጥ ተቀጠርኩ፤ በርሜልና ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ እጽፍ ነበር። ለአብዮቱ በዓል ከአዲስ አበባ የተላከ ሥዕል ተሰጠኝና በበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ አሳድጌ እንድሥለው ታዘዝኩ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ሠራተኛ ወደ ጎን ዞራ መጪውን ዘመን አሻግራ ታያለች። የአብዮቱ ጠላት የተባለው ባለርስት ግን እህል በሞላው ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ዓይኑን አፍጦ ፊት ለፊት ያየናል። እጄ ቅር እያለው እንደ ወረቀቱ አድርጌ ሣልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ኑግ የሚያበጥሩት ሴቶች በበሩ ገቡ። ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ነበሩ። ከፊት ያሉት በዕድሜ የገፉ እናት ግድግዳው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ፣ ነጠላቸውን አደግድገው ባለርስቱን ተሳለሙት። የቀሩትም ተከተሏቸው።

«የኔ ልጅ፣ እኒህ ጻድቅ ማን ይባላሉ?» አሉኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ፈራሁ። ከዚያ ባነሰ ነገር ሰው «ፀረ አብዮት» ተብሎ ከቤቱ ይወሰድ ነበር። ሠራተኛው ለባለርስት ሲሰግድ የመጭመቂያው ካድሬ ቢያይ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ማንንም አላስፈቀድኩም። መሰላል ላይ ወጣሁና ባለርስቱን ወደ ጎን አዞርኩት፤ አንድ ዓይን ብቻ ተውኩለት፣ ጥርሱንም አወጣሁለት። ሠራተኛዋን ደግሞ ወደ ሰው መለስኳትና አባቴ ለቅዱሳን የሚሰጧቸውን ሰፋፊ ዓይኖች ሰጠኋት። እጄ እንደዚያ ቀን ታዞልኝ አያውቅም። ፍርሃቱ እንዳለ ነበር፤ ግን ኮራሁ፣ ዛሬም እኮራለሁ።

ቀለሙ ሳይደርቅ ካድሬው መጣ። ወረቀቱን ዘርግቶ ከግድግዳው ጋር አነጻጸረ።

«ጓድ፣ ይህን ለመለወጥ ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም። እንደ ወረቀቱ ስሥለው ሴቶቹ ባለርስቱን ጻድቅ ነው ብለው ተሳለሙት። ጠላታቸውን እንዲለዩ ብየ እንደኛ አገር አድርጌ ሣልሁት።»

«መመሪያችን ወረቀቱ ነው» አለ።

ወዲያው ሴቶቹ ለምሳ ወጡ። እኒያ እናት ባለርስቱን ሲያዩ አማተቡና ፊታቸውን አዞሩበት። ካድሬው አያቸው። እሳቸው ሠራተኛዋ ፊት ሄደው ቆሙ።

«እኒህስ ቅድስት ማን ይባላሉ?»

«ቅድስት አይደለችም። እርስዎን ነው የሣልሁ፤ ኑግ የሚያበጥሩትን» አልኳቸው።

ነጠላቸው ላይ የተጣበቀውን ገለባ አራገፉ፣ ቀና ብለው ቆሙና ግድግዳው ላይ ያሉትን ዓይኖች ለረጅም ጊዜ አዩ። ካድሬውም እሳቸውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወረቀቱን ጠቀለለ።

«እንዳለ ይቆይ» አለኝ።

እሳቸው አልሰሙትም። የቀሩትን ሴቶች እየጠሩ ነበር፦ «ኑ እስቲ እዩ፣ እኛን እኮ ነው።»