ሳላስበው ያደረግኩት ዱዓ

አንዳንዱን ዝርዝር አሳስቼ ልናገር እንደምችል ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ነገሩ የተፈጸመው አምና በኅዳር ወር ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ግን ጥቅምት ነው ትላለች። ቦታው መካነ ሰላም፣ ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩት የጋሽ እንድሪስ ቤት መሆኑን ግን አልጠራጠርም። ከአእምሮዬ ያልወጣውም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰለጠንኩበትን ነገር በሥራ ላይ ያዋልኩበት ቀን ስለሆነ ነው።

ስልጠናው የተሰጠን ደሴ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊዎች በባለጉዳይ ላይ የምንጮኸው ስለምንጨነቅ መሆኑን ደርሰውበት፣ መድኃኒቱ ዮጋና «ማይንድፉልነስ» የሚሉት የአስተውሎት ልምምድ እንዲሆን ወሰኑ። እግራችንን አጣጥፈን፣ መዳፋችንን ወደ ላይ ገልብጠን ጉልበታችን ላይ አሳርፈን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ተነፈስን። አሰልጣኟ በሰው ላይ ከመፍረድ ይልቅ እንድንራራ፣ ፍርድ ወደ ልባችን ሲመጣም «ይህ ፍርድ ነው» ብለን እንድናልፈው አስተማረችን። ለሰው ሁሉ በጎ የምንመኝባቸውን አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችም አስጠናችን። ወደ መካነ ሰላም የተመለስኩት እጅግ ሩኅሩኅ ሆኜ ነው። የጎደለኝ የምራራለት ሰው ብቻ ነበር።

እሱም አልዘገየም። የጋሽ እንድሪስ ልጅ ዘሀራ ከዓመታት በኋላ ከዓረብ አገር ስትመለስ አንዲት ትንሽ ልጅ ይዛ መጣች። ስለ ልጅቷ አባት ለማንም አልተናገረችም። ጋሽ እንድሪስ ከነልጅቷ አላስገባሽም ብለው በር ዘጉባት፤ እትዬ ፋጡማ የተባሉ ጎረቤታችን እናትና ልጅን አስጠጓቸው። ሽማግሌዎች ቢለምኑም አልሆነም። ለመጨረሻ ጊዜ ሲሞከር እኔም ተጨመርኩ። ዲግሪ ያለው ክርስቲያን ጎረቤት ሲለምናቸው ያፍራሉ ተብሎ ታስቦ ይሆናል።

ሽምግልናውን የመሩት ሸህ ይመር ነበሩ። ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ጋሽ እንድሪስ የቀድሞ መልሳቸውን ደገሙት።

«ልጄ ትግባ። ሌላዋን የወለዳት ይውሰዳት።»

«የወለደቻትማ እኔ ቤት ተቀምጣለች» አሉ እትዬ ፋጡማ። «ከሷ ሌላ ማን አላት?»

«አንቺን የሰው ቤት አስተዳዳሪ ማን አደረገሽ?»

ከዚህ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። ማን ምን እንዳለ አላስታውስም። ጋሽ እንድሪስ ሊነሱ ከዘራቸውን ሲስቡ ግን አይቻለሁ። በገዛ ቤታቸው ጥለውን ቢወጡ ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ የሚለምናቸው ሽማግሌ አይገኝም።

የሰለጠንኩት ለዚህ ሰዓት ነው ብዬ አሰብኩ። እግሬን አጣጠፍኩ፤ መዳፌን ገልብጬ ጉልበቴ ላይ አኖርኩ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ይህ ሰው ድንጋይ ነው። ይህ ፍርድ ነው፤ አለፍኩት። ድንጋይስ ዝናብ ሲበዛበት ይሸረሸራል። ይህም ፍርድ ነው። በርኅራኄዬ እየገፋሁ ሳለ የእትዬ ፋጡማን ድምፅ ሰማሁ።

«የተማረ ብለን ብንጠራው ተኛ እኮ።»

«ዝም በይ» አሉ ሸህ ይመር። «ዱዓ ላይ ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። በአንድ ዓይኔ ባጮልቅ ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቷል። በእኛ አገር ዱዓ ሲደረግ እስላም ክርስቲያን አይባልም፤ አቋርጦ የሚነሳም የለም። ጋሽ እንድሪስ እንኳ ከዘራቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘርግተዋል። የሚጠበቀው እኔ ነኝ።

«በል መርቀን፣ ልጄ» አሉ ሸህ ይመር።

ከደሴዎቹ ዓረፍተ ነገሮች በቀር የማውቀው አልነበረኝም። ዓይኔን መልሼ ጨፍኜ «ሰላም ሁኑ» አልኩ።

«አሚን» አለ ቤቱ።

«ከጭንቀት ዳኑ።»

«አሚን።»

«ልባችሁ ይረፍ።»

«አሚን።»

በሆቴሉ አዳራሽ እንዲህ ያለ ተሳትፎ አልነበረም፤ እዚያ ግማሻችን የምንጠባበቀው አበሉን ነበር።

ያጠናሁት ሲያልቅ «ያቺ ሕፃንም ቤት ይኑራት» የሚል ድምፅ ተሰማ። ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። እትዬ ፋጡማ ግን ሸህ ይመር ናቸው ይላሉ። ሸህ ይመርን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።

ጋሽ እንድሪስ ለዚህኛው አሚን ማለት አለማለታቸውንም አላውቅም። እትዬ ፋጡማ «ኡሁ ብሎ ሳለ እንጂ አሚን አላለም» ባይ ናቸው። ስለ አስተውሎት የሰለጠንኩት ሰውዬ፣ ሊስተዋል የሚገባውን ቅጽበት ዓይኔን ጨፍኜ አሳለፍኩት። ስገልጥ ጋሽ እንድሪስ በሩ አጠገብ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር።

«ብርዱ ሳይብስ ሁለቱም ይምጡ» አሉና ወጡ።

እናትና ልጅ ማታውን ገቡ። እኔም ሰውየው ያደረጉት ሰው አፍረው ነው፣ ወር ሳይሞላ መልሰው ያስወጧቸዋል ስል ፈረድኩ። ይህኛውን «ፍርድ ነው» ብዬ ለማለፍ አልሞከርኩም፤ ትክክል መሰለኝ።

ዛሬ ያንን ቀን ሳስብ ኩራትና ኀፍረት ይቀላቀሉብኛል። ዱዓው ይደርሳል ተብሎ ወሬው ከወጣ ወዲህ ለተጣሉ ባልና ሚስት፣ አንድ ጊዜም ለጠፋ በግ ተጠርቻለሁ። በጉ አልተገኘም። ስልጠናው ይሁን፣ ሸህ ይመር ይሁኑ ወይስ ብርዱ፣ የጋሽ እንድሪስን ልብ ያራራው ምን እንደሆነ ለይቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አጣርቻለሁ። ዘንድሮ መስከረም ላይ ሕፃኗን አፀደ ሕፃናት ያስመዘገቧት ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው ናቸው። የተቀበለቻቸውን መምህርት ጠይቄ ነግራኛለች፤ የልጅቷ የአባት ስም ማን ነው ስትላቸው፣ ሳያመነቱ «እንድሪስ» ብለዋታል።