በጥብጣቡ ላይ አራተኛው ስም

ጥልፍ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን መርፌ አልነካሁም። የተሰጠኝ ትንሽ መቀስ ነበር። ከማሽን የወጣ ሸሚዝ ሁሉ ከጥልፉ ጀርባ የክር ጫፍ ይንጠለጠልበታል። ያንን መቁረጥ ነበር ሥራዬ። ወደ ቤት ስመለስ ጣቶቼ መቀሱን እንደያዙ ታጥፈው ቀርተው ነበር።

ሱቁ ያለው አምስተርዳም ውስጥ፣ ኢንዲሸ ቡርት የሚባል ሰፈር ነው፣ ከገበያው ብዙ አይርቅም። ባለቤቷ ታንተ ሂልዳ ይባላሉ። ሱሪናም ተወልደው ያደጉ ናቸው። እኛ «እትዬ» እንደምንለው እነሱ «ታንተ» ይላሉ። ሥራውን ያገኘልኝ ታላቅ ወንድሜ ዳንኤል ነው። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ቆምኩ። እሱ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ታንተ ሂልዳ ያን ቀን አንድ ሸሚዝ አንስተው ገለበጡትና ክሩ የተቋጠረበትን አሳዩኝ።

«ፊቱን ደንበኛው ያያል። እኔ የማየው ጀርባውን ነው» አሉኝ።

በቤቱ ሦስት ማዕረግ አለ። ክር ቆራጭ፣ ማሽን ጠባቂ፣ ንድፍ አውጪ። ማሽን ጠባቂ የሆንኩት ቆይቼ ነው። የኳስ ቡድን ማልያ፣ የምግብ ቤት ሽርጥ፣ የስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ሠራተኞች ጃኬት ጠልፌአለሁ። ሁሉም ቀላል ነው። ጨርቁን በቀለበት ወጥሮ፣ ከስር ማጠንከሪያ አንጥፎ፣ ማሽኑን መጠበቅ ነው። ክሩ ሲበጠስ ማቆም ነው።

ከፋይ የሚባለው ጸጉራም ጨርቅ ግን ቀላል አይደለም።

አንድ ቀን ዳንኤል ጥቁር ከፋይ ጥብጣብ በትከሻው ላይ ጥሎ ሱቁ ገባ። ጫፉ ተተርትሮ ነበር።

«ሚኪ፣ ስፋልኝ» አለኝ።

«ምንድን ነው? ቄስ ሆንክ እንዴ?»

«ዝም ብለህ ስፋ፣ አንተ ክር ቆራጭ።»

እዚህ አገር በየዩኒቨርሲቲው የሚማሩ ጥቁር ተማሪዎች አንድ የወንድማማች ማኅበር አላቸው። ሦስት ቀጠና አለው፤ አምስተርዳም፣ ሮተርዳም እና ዴን ሃግ። እያንዳንዱ ቀጠና አንድ መሪ፣ አንድ ጥብጣብ አለው። ዳንኤል የአምስተርዳም መሪ ሆኖ ተመርጦ ነበር። ለቤተሰብ አልነገረም። እኔም ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ጥብጣቡን ገለበጥኩት። ሦስት ስሞች አንዱ ከአንዱ ሥር ተጠልፈዋል። ስታንሊ፣ ኮፊ፣ ሩበን። ዳንኤል ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ነገረኝ። ስታንሊ ማኅበሩን በአምስተርዳም ሲጀምር መሰብሰቢያ አልነበረውም። ዲመን በምትባል የከተማው ዳርቻ፣ የተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የሚሰበሰቡት፤ ማሽኖቹ እየጮሁ። ኮፊ አዲስ የሚመጣ ተማሪ ብቻውን ቤት ፍለጋ እንዳይሄድ ደንብ አወጣ። ሩበን ደግሞ ፈተና የወደቀ ወንድም ቤቱን ዘግቶ እንዳይቀመጥ፣ በማግስቱ ሄዶ በር የሚያንኳኳ ሰው መደበ። ዳንኤል ይህን የሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«የአንተን ስም ልጥለፍልህ?» አልኩት።

«ገና ነው። ስም የሚጠለፈው ጥብጣቡን በእጅህ ለሚቀጥለው ስታስረክብ ነው። እስከዚያ ሠራተኛ ነህ።»

ከዚያ በኋላ የሮተርዳምንና የዴን ሃግን ጥብጣብም እኛ ዘንድ ያመጣ ጀመር። በዴን ሃጉ ላይ በሁለት ስሞች መካከል ባዶ ቦታ አየሁ።

«ይሄ ምን ሆነ?»

«ሳያስረክብ የሄደ ነው። ትምህርቱን ጥሎ አገር ለቀቀ። ስልክም አላነሳ።»

«ጨርሶ አይጠለፍም?»

«አይጠለፍም።»

ባዶውን በጣቴ ነካሁት። ከፋዩ ለስላሳ ነበር፤ ማንም ያልነካው።

ዳንኤል በልብ ሕመም ሞተ። ድንገት ነው። ስለዚያ ቀን መጻፍ ሞክሬ ነበር። አልቻልኩም። ትቼዋለሁ።

በቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። የማላውቃቸው ወጣቶች ከሦስቱም ከተሞች መጥተው በሁለት ረድፍ ቆሙ። የአምስተርዳሙ ጥብጣብ ሳጥኑ ላይ ነበር። እየመጡ እናቴን እጅ ይነሷታል። አንዱ፣ «ከስኪፖል የተቀበለኝ እሱ ነው» አላት። ሌላው በፈተና ወድቆ ቤቱን ሲዘጋ ዳንኤል ደጁ ላይ ተቀምጦ እንደጠበቀው ነገራት። ሌላውን አወቅሁት፤ ክፍል እስኪያገኝ የእኛ ሳሎን ያድር ነበር። ያኔ እናቴ፣ «ይሄ ቤት ነው ሆቴል?» ትል ነበር። አሁን ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

በኋላ ቤት ስንገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«እኔ ልጄ የሚማር መስሎኝ» አለች። «ለካ ያስተዳድር ነበር።»

ጥብጣቡን ለእኛ ሰጥተውን ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ ሮይ የሚባል የዴን ሃግ መሪ መልእክት ላከልኝ። ሮተርዳም ላይ የሦስቱ ቀጠና ስብሰባ አለ፤ ጥብጣቡን ይዘህ ና፣ ይላል። ለእናቴ አነበብኩላት።

«ጠርተውሃል» አለች። «የሰው ቦታ ባዶ አይቀርም። እኔስ የማርያም ማኅበር የገባሁት በእናቴ ቦታ አይደል?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ተማሪ አይደለሁም።»

«እኔስ ያኔ ምን አውቅ ነበር? ጠላ እንኳ መጥመቅ አልችልም ነበር። ቦታው ራሱ ያስተምርሃል።»

አመንኳት። ልቤም ፈልጎት ነበር። ማኅበር ባዶ እጅ አይገባምና ድፎ ዳቦ ጋገረች። ሙቅ ዳቦ ታቅፌ ባቡር ተሳፈርኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሴት እስከ ሮተርዳም ድረስ ሽታውን እያሸተተች ፈገግ ስትል ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። ሮይ ከፊት ተቀምጧል። ረጅም ነው፣ ቀስ ብሎ ይናገራል። አጠገቡ ኢማኑኤል የሚባል ልጅ አለ፤ አምስተርዳም አዲስ የመረጠው መሪ። ይህን ያኔ አላወቅሁም። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቆሜም በሆላንድኛ፣ «በወንድሜ ቦታ ገብቻለሁ» አልኩ።

ሮይ ከወንበሩ ወደ ፊት ዘንበል አለ።

«ገብቻለሁ ማለት?» አለ ሮይ።

አስረዳሁ። በእኛ ዘንድ የማኅበር አባል ሲሞት ልጁ ወይም ወንድሙ ቦታውን ይይዛል። ከኋላ አንዱ፣ «ታዲያ የስታቲስቲክስ ፈተናውንም ትይዝለታለህ?» አለ። ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ሁለተኛ ደረጃ ብቻ እንደጨረስኩ ነገርኳቸው።

ሮይ ሳቁን በእጁ አስቆመ። «እዚህ ቦታ አይወረስም» አለ። «ይመረጣል። ተማሪም መሆን አለበት። አዝናለሁ።»

«ገባኝ» አልኩ። ጥብጣቡን አወጣሁ። «ስሙስ ይጠለፋል?»

ሮይ የራሱን ጥብጣብ ገልብጦ ባዶውን ቦታ አየው። ከዚያ መከራከር ጀመሩ። አንዱ፣ ሞት ከመሄድ ይለያል አለ። ሌላው፣ ደንቡ እጅ ለእጅ ይላል፤ ዛሬ ለምንወደው ከጣስነው ነገ ለማን እናከብረዋለን አለ። ሁለቱም እውነት መሰለኝ። ለወንድሜ ሲሉ ደንብ የማይሰብሩ፣ ለደንብ ሲሉም ወንድሜን መተው ያቃታቸው ልጆች ነበሩ። ከእኔ በዕድሜ ብዙ አይበልጡም። ገርሞኝ አየኋቸው። ጥብጣቡ ግን እጄ ላይ እየከበደ ነበር። ስሙ ካልተጠለፈ እናቴን ምን እላታለሁ?

ሮይ ወደ እኔ ዞረ።

«በእናንተ ማኅበር ቦታውን የያዘ ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል?»

«የሟቹን ተራ ያወጣል» አልኩ። «ተራው ደርሶ ሳያወጣ ከሞተ እሱ ደግሶ፣ ጽዋውን ለሚቀጥለው ባለ ተራ ያስረክባል።»

«ከዳንኤል ተራ ምን ቀርቷል?»

«ማስረከብ።»

ሮይ ደንቡ እጅ ለእጅ ይላል ያለውን ልጅ አየው። ልጁ ጥብጣቡን የያዘውን እጄን ተመለከተ። «እጁ የዳንኤል ወንድም እጅ ነው» አለ። «ይሁን።»

ሁሉም ተነሱ። ኢማኑኤል ፊቴ ቆመ። ጥብጣቡን በትከሻው ላይ አደረግሁለት፣ ጫፉን አስተካከልኩ፤ ጠላፊ ነኝና ጠማማ ነገር አያስቀምጠኝም። እሱም እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ለዚያች ጊዜ ያህል የአምስተርዳምን ቀጠና ይዤው ነበር። ከባድ ነው።

ከዚያ ዳቦው ቀረ። «የሚቆርሰው ሽማግሌ ነው» አልኳቸው። ተያዩ። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠው ሮይ ሆነ።

«ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው!» አለ።

«አባታችን፣ ይቁረሱልን» አለ ያ ስለ ፈተናው የቀለደው። ፍርፋሪ እንኳ አልተረፈም።

በማግስቱ ኢማኑኤል ጥብጣቡን ሱቅ አመጣው። ከፋይ በቀለበት አይወጠርም፤ ጸጉሩ ይተኛና ምልክቱ አይለቅም። ማጠንከሪያውን ብቻ ወጥሮ ከፋዩን ከላይ ማጣበቅ ነው። ያንን አደረግሁ። ለስሙ ግን ወርቃማ ክር መዘዝኩ፤ ፊደሉንም ማሽኑ ላይ ከሌሎቹ አተለቅሁት።

ታንተ ሂልዳ መነጽራቸውን አወረዱ።

«ሌሎቹ በምን ክር ናቸው?»

«በነጭ።»

«ታዲያ?»

«ወንድሜ ነው፣ ታንተ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን ይሄን ያህል ካተለቅከው ኢማኑኤል የት ይጻፋል? ከእሱ በኋላ የሚመጣውስ?»

ወርቃማውን ክር ወደ ቦታው መለስኩ። በነጭ፣ በሌሎቹ ልክ ጠለፍኩት። ማሽኑ ሲያቆም ገለበጥኩና የክሩን ጫፍ በትንሿ መቀስ ቆረጥኩ። ታንተ ሂልዳ ጀርባውን አዩት፤ ምንም አላሉም። እሳቸው ዝም ካሉ ሥራው ደህና ነው።

ይህን ሙያ ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው። ከፋይ አትወጥሩ። የስም ተራ ስትጠልፉ የምትወዱትንም ከሌሎቹ እኩል ጥለፉ፤ ከሥሩም ቦታ ተዉ።