ቀይ የተቀቡት ሶኬቶች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ዳንጊሶ አንድ ካቻቢቴና አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም ሰጡኝ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሻን ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። የአዋቂዎች ጽኑ ሕሙማን ክፍል እየተደራጀ ስለነበር በየአልጋው ራስጌ ያሉትን ሶኬቶች አሳዩኝ።

«መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚደርሰው ለግማሾቹ ብቻ ነው፤ እነሱን ቀይ ቀባ» አሉኝ። «ከዚያ ዋናውን መስመር አጥፋና እያንዳንዱን ሞክር። ቀለሙን አትመን።»

እኔ ደግሞ ቤቴን ቆልፌ መናኸሪያ ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ በሩን የምነካ ፈሪ ነኝ። ትእዛዙ ተስማማኝ። የአዋቂዎቹንም፣ ቀጥሎ የቀዶ ሕክምናውንም ክፍል ስናደራጅ ሁለት ሁለት ጊዜ ሞከርኩ።

የጨቅላ ሕፃናቱ ክፍል ሲደራጅ ጋሽ ዳንጊሶ ጡረታ ወጥተው ኃላፊው እኔ ነበርኩ። ለአንድ መዳፍ ለምታክል ነፍስ ማሞቂያ፣ መተንፈሻ ማሽንና የመድኃኒት ፓምፕ ይደረደራል። ሶኬቶቹን ቀባሁ፣ ሞከርኩ። ለምረቃው ተብሎ ግን ግድግዳው እንደገና ነጭ ተቀባ፤ ቀቢዎቹ ሶኬቱንም አልማሩት። ጠዋት ስገባ ቀይ የሚባል ነገር የለም።

«ዶክተር፣ መብራቱን አጥፍቼ እንደገና ልሞክር፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል» አልኳቸው ዳይሬክተሩን።

«አንተ መቼም ጭንቀት አታጣም! እንግዶቹ በር ላይ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ ታውቅ የለ?»

አውቃለሁ ብዬ በትዝታዬ ቀባሁ።

የፈሩት ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሰምቼ እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ነርሷ ሲስተር ጽጌ ስሜን ጠርታ ጮኸች። የአንዱ ሕፃን መተንፈሻ ማሽን ቆሟል። የተሰካው ቀይ ሶኬት ላይ ነው። ማሽኑ ያን ጠዋት ከመጋዘን የወጣ ስለነበር የራሱም ባትሪ ባዶ ነበር።

ሲስተር በእጅ የሚጨመቀውን አምቡ ባግ አንስታ አየር ትሰጠው ጀመር። «የትኛው ነው የሚሠራው? ቶሎ በላ!»

አላወቅኩም። ከሶኬት ሶኬት እየነቀልኩ ሰካሁ። ሦስተኛው ላይ ማሽኑ ነቃ። የሕፃኑ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ።

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጠው እናቱ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ስሮጥ አይታኝ ነበር። ስወጣ እጄን ያዘች።

«ልጄን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት፤ ጌታ ይባርክዎ።»

ያተረፈችው ሲስተር ነበረች። ሊገድለው የነበረው የእኔ ቀለም ነው። ይህን ልነግራት አልደፈርኩም፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አዲስ ክፍል በሽተኛ ከመቀበሉ በፊት ዋናውን መስመር አጥፍታችሁ እያንዳንዱን ሶኬት ሞክሩ። ግድግዳው በተቀባ ቁጥር ድገሙት። እንግዳው ይጠብቅ።