«ተነሳሁ» እና «አነሳሳሁ»

ከሰው በፊት ሽታው ተቀበለኝ። ፖሊሷ የብረቱን በር ከፍታ «ግቢ» ስትለኝ እግሬ እምቢ አለ። ሽንት፣ ላብ፣ የከረመ ምግብ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ በረኪና፤ ሁሉም አንድ ላይ ተቦክቶ ጉሮሮዬ ላይ ተለጠፈ። እኔ እኮ ካዛንቺስ ውስጥ አሥራ ምናምን ዓመት ቁርስ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ። የቆሸሸ ሰሃን አያስደነግጠኝም፤ የተዘጋ ቱቦ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከፍቻለሁ። ይሄ ግን ሌላ ነው። ይሄ በረኪና ከላዩ ይረጩበት እንጂ አንድም ሰው «ላጽዳው» ብሎ አስቦት የማያውቅ ቆሻሻ ነው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባልዲ ተቀምጧል። ግድግዳው ከወገብ በታች በሰው ጀርባ ቅባት ጠቁሯል። ባልዲው አጠገብ ያለውን ባልናገረው ይሻላል። አንዲት ወጣት ልጅ የሹራቧን እጅጌ አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ከግድግዳው ራቅ ብላ ተቀምጣለች።

«ማዘር፣ ግቢ በቃ። ቆመሽ ስላሰብሽ ሽታው አይቀንስም» አለችኝ።

«እንዴት ነው እዚህ የምትቀመጡት?»

«በአፍሽ ተንፍሺ። ሁለት ቀን ነው የሚያስቸግረው። ከዚያ አንቺም ትሸቻለሽ፣ በቃ እኩል እንሆናለን።»

ስሟን አልጽፍም። የሰንጋ ተራ ልጅ ናት፤ ቡልጋሪያ ጋ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ስልኳ ላይ በጻፈችው ነገር ነው ያመጧት። እኔ ደግሞ በተናገርኩት።

የተናገርኩት ይሄ ነው። ሰፈራችን ሊፈርስ ነው ተባለና አዳራሽ ተሰበሰብን። መፍረሱን አልተቃወምኩም፤ ማን ይሰማኛል? «ማንሳታችሁ ካልቀረ አንድ ላይ አድርጉን። እድራችን ከተበተነ ስንሞት ማን ይቀብረናል?» ነው ያልኩት። የእድራችን ዳኛ አጠገቤ ነበሩ፤ ስኳር ያለባቸው አዛውንት ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። የነጠላዬን ጫፍ ይዘው «ተቀመጪ ልጄ፣ ይበቃል» እያሉ ሲጎትቱኝ እኔ ጨርሼ ነበር። ሰዉ አጨበጨበ። በማግስቱ ጠዋት፣ የፍርፍሩ ድስት እሳት ላይ እንዳለ፣ ሁለት ሰዎች መጡና «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። ድስቱን እንኳን አላወረድኩም።

ቃሌን የተቀበለኝ መርማሪ ወጣት ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሽቶ ሽቶ ይላል፣ «እናቴ» ነው የሚለኝ። ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ አዞረና «አንብበው ይፈርሙ እናቴ» አለኝ።

እዚህ ላይ እፍረቴን ልናገር። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ለብቻዬ ነው፤ ከሱቅ ሰሌዳ፣ ከዘይት ጄሪካን፣ ቆሎ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ። የታተመ ነገር ከሰጣችሁኝ እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ። የእጅ ጽሑፍ ግን ማን ያስተምረኛል? ጄሪካን ላይ በእጅ የሚጽፍ የለም። የመርማሪው ጽሑፍ ደግሞ ዶሮ የጫረው ነው። አንድም ቃል አልያዘልኝም።

አልችልም ማለት ግን ሞት መሰለኝ። ስለዚህ ዓይኔን ከላይ ወደ ታች አንሸራተትኩት። የሚያነብ ሰው እንደሚያደርገው መሃል ላይ ትንሽ ቆም አልኩ። ራሴንም ነቀነቅኩ። ፈረምኩ።

ችሎት ስቀርብ ያ ወረቀት ተነበበ። «ነዋሪውን አነሳሳሁ» ይላል።

«ኧረ እኔ ተነሳሁ ነው ያልኩት» አልኩ። «ተነሳሁና ተናገርኩ።»

ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ። «ፊርማው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«አንብበሽ ነው የፈረምሽው?»

ዞር ስል የሰፈሬ ሰዎች ኋላ ተደርድረው ቆመዋል። ቁርስ ሲበሉ ጋዜጣ የማነብላቸው ሰዎች ናቸው፤ «የኛ ምሁር» ይሉኛል። ምላሴ ከኔ ቀድማ «አዎ» አለች።

አሥራ አራት ቀን ተጨመረብኝ። ተነሳሁ የጉልበት ነገር ነው፤ አነሳሳሁ የወንጀል። እኔ ጉልበቴን ነበር የተናገርኩት። አንድ ጊዜ አላነበብኩም፣ ሁለተኛ ጊዜ አንብቤያለሁ ብዬ ዋሸሁ። ወደ ክፍሏ ስመለስ ባልዲው ሞልቶ ወለሉ ላይ ይንቆረቆራል፤ እኔን ግን የበለጠ የከረፋኝ የራሴ «አዎ» ነው። አፌን ልታጠብ ፈለግኩ። ውሃ የለም።

ለልጅቷ የሆነውን ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችኝም።

«ማዘር፣ ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? ጋዜጣ አነባለሁ አላልሽም?»

«የታተመ ነው የማነበው። በእጅ የተጻፈ አይገባኝም።»

እጅጌዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። «እኔ እኮ የሐኪም ጽሑፍ አንብቤ ነው እንጀራዬን የምበላው። ከዶክተር የባሰ የሚጽፍ ፖሊስ ገና አልተወለደም። ነይ፣ እንጀምር።»

ወረቀት የለን፣ እስክሪብቶ የለን። ያለን ግድግዳ ነው። ከኛ በፊት የታሰሩት፣ ወንዱም ሴቱም፣ በሚስማርም በከሰልም ጽፈውበት ነበር፤ ግን አብዛኛው ላይ ቀለም ተቀብቶበታል። ቀለም ቀቢው ራሱ ተጸይፎ ያልደረሰበት አንድ ቦታ ብቻ ቀርቷል። የባልዲው ጥግ።

«እዚያ?» አልኳት።

«ሌላ ላይብረሪ ካለሽ ንገሪኝ።»

ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አሰርኩና ተንበረከክኩ። ወለሉ ይይዛል፤ ጉልበቴን ሳነሳ ጨርቄ እየተላቀቀ ይጮሃል። ፊቴን ወደ ግድግዳው ሳስጠጋ ባልዲው ጆሮዬ ሥር ነው። ውስጡ ያለውን አየሁ፣ ዝንብ ከንፈሬ ላይ አረፈች፣ ጠዋት የቀመስኩት ሁሉ ወጣ። የመጀመሪያው ትምህርቴ ይኸው ነበር። ልጅቷ ጀርባዬን እየመታች «አይዞሽ፣ ቢያንስ ባልዲው ቅርብ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ እንደገና ሞከርኩ። ፊደል በፊደል ስሄድ ግራ ተጋባሁ። በጥድፊያ ሲጻፍ «በ» እና «ሰ» መንታ ይሆናሉ፤ ቃሉ ሁሉ እንደ ተዘበራረቀ ክር ነው። አንዱን ጽሑፍ ግማሽ ቀን ፈጅቼበት በኩራት ጮክ ብዬ አነበብኩላት፦ «እናቴ ነክሳኛለች!»

ልጅቷ መጥታ አየችው። ከዚያ በሳቅ ወደቀች፤ እዚያ ወለል ላይ፣ የሚነካ ወለል ሳይሆን። «ናፍቃኛለች ነው የሚለው! ሰውዬው እናቱ ናፍቃው ነው የጻፈው፣ አንቺ ውሻ አደረግሻት!» እኔም ሳቅኩ። ከሳቁ በኋላ ግን ስለሰውዬው አሰብኩና ቃሉን በጣቴ መልሼ ነካሁት።

«ስሚ ማዘር» አለችኝ ቆይታ። «እኔም ስጀምር የማይሆን መድኃኒት አውጥቼ አለቃዬ ፊቴ ላይ ነው የወረወረችብኝ። ፊደሉን አትዪ፣ የሰውዬውን ልማድ እዪ። ሁሉም ሰው አንዷን ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው የሚያበላሸው። መጀመሪያ እርግጠኛ የሆንሽበትን ቃል ፈልጊ። እስር ቤት ግድግዳ ላይ የማይጠፋ ቃል ምንድነው?»

«እግዚአብሔር» አልኩ።

«በቃ። ከሱ ብቻ ሰባት ፊደል አገኘሽ ማለት ነው።»

ይቺ ነገር በር ከፈተችልኝ። «እግዚአብሔር ያያል» ከሚለው የሰውዬውን «ር» ያዝኩ፤ በሷ ሌላ ቃል ፈታሁ፤ በዚያኛው ሌላ። እንደ ሹራብ ነው፣ አንዷን ዙር ከያዝሽ ሌላው ይከተላል። «አምስት ደቂቃ ብለውኝ ነው» የሚል አገኘሁ፤ ከሥሩ አርባ ሦስት ጭረት አለ። አንዷ ሴት «ትኋኑን እንኳን ስም አወጣሁለት» ብላ ጽፋለች።

ሽታውን ለመድሽው ወይ ብትሉኝ አልለመድኩትም። ከቂርቆስ የቅዳሴው ድምፅ በሰማይ ሲመጣ፣ ከውጭ ሰው ታጥቦ ነጭ ለብሶ ሲሄድ ይታየኝና እኔ እዚህ በሰው ሽንት ላይ ተንበርክኬ ፊደል እቆጥራለሁ። ይቆጨኝ ነበር። ያም ሆኖ በየቀኑ ተንበረከክኩ። ሰባት ቀን።

በስምንተኛው ቀን ተጨማሪ ቃል ስጪ ተብዬ ተጠራሁ። ያው መርማሪ ነው። ሥጋ በልቶ ነበር መሰለኝ፣ በክብሪት እንጨት ጥርሱን እየጎረጎረ ያወጣውን ያያል፣ መልሶ ይውጠዋል። ዓይኔን ከአፉ ላይ አነሳሁ።

«እናቴ፣ ያን ዕለት የእድሩ ዳኛ አጠገብዎ ነበሩ አይደል?»

«ነበሩ።»

«ምን አሉዎት?»

«ምን ይሉኛል! እሳቸውማ አስቀመጡኝ። ነጠላዬን ይዘው ተቀመጪ አሉኝ።»

ጻፈ። አውራ ጣቱን ላሰና ገጹን ገለጠ፣ ወደኔ ገፋው። ጥጉ ላይ የምራቁ እርጥበት ያብረቀርቃል። «በሉ፣ እንደ ባለፈው ፈረም ያድርጉ። ዛሬ ምናልባት ወደ ቤትዎ የሚሄዱበትን መንገድ እናያለን።»

እንደ ባለፈው።

ወረቀቱን ሳብኩና ጣቴን የመጀመሪያው ፊደል ላይ፣ እዚያው እርጥበቱ አጠገብ፣ አስቀመጥኩ። ጮክ ብዬ ጀመርኩ። «ተ… ጠር… ጣ… ሪ…ዋ…»

«በልብዎ ያንብቡ እናቴ።»

«በልቤ አልችልም። የእጅ ጽሑፍ ከጀመርኩ ገና ሳምንቴ ነው።»

ሌላ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ፖሊስ ሳቀ። ይሳቅ። ችሎት ፊት ልትወጣ እምቢ ያለችው ቃል ወጥታ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች፣ እኔም አልሞትኩም። ጣቴን እየገፋሁ ወረድኩ። የሚያበላሻት ፊደል «ነ» ናት፤ አንገቷን ይሰብራታል። ሦስት ቦታ አየኋት፣ ያዝኳት። አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«የእድሩ ዳኛ… አስ… አስ…» «ቀ»ን ፈለግኩ። «ቀ» የለችም። አንገቷ የተሰበረው «ነ» ናት ያለችው። «አስነሱኝ ነው እኮ የሚለው!»

«ያው ነው።»

«እንዴት ያው ይሆናል? አስቀመጡኝ ነው ያልኩት።»

«የቃላት ጉዳይ ነው እናቴ፣ ትርጉሙ አንድ ነው።»

«አንድ ከሆነማ የኔን ይጻፉት።»

ክብሪት እንጨቱን አስቀመጠ። «አንቺ ሴትዮ» አለኝ። እናትነቴ እዚያው አለቀ። «መውጣት አትፈልጊም?»

እፈልጋለሁ እንጂ። ሰውነቴን በሙቅ ውሃና በሳሙና ልፈገፍግ፣ ፀጉሬን እስከ ሥሩ ልላጭ እፈልጋለሁ። ግን ጋሼን አሰብኳቸው። ስኳር ያለበት ሰው በየሰዓቱ ነው ለሽንት የሚነሳው። እግራቸው ላይ የማይድን ቁስል አለ። ያን ወለል በባዶ እግር፣ ያን ባልዲ ሰው እያያቸው። በዚች «ነ» ምክንያት።

እስክሪብቶውን ወደሱ መልሼ አስቀመጥኩ። «ያልኩት ሲጻፍ እፈርማለሁ።»

«መልሷት» አለ።

ተመለስኩ። ልጅቷ የሆነውን ስትሰማ ሹራቧን አጥፋ ከሥሬ አነጠፈችልኝ።

ሁለት ቀን ዝም አሉኝ። በሦስተኛው ጠሩኝ። አዲስ ወረቀት ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ጣቴን አስቀምጬ፣ ጮክ ብዬ፣ አንድም ሳልዘል አነበብኩ። መርማሪው ስልኩን እየነካካ በረጅሙ ይተነፍሳል። አራተኛው መስመር ላይ «አስቀመጡኝ» ይላል። «ቀ»ዋ ትንሽ ጠማማ ናት፣ ግን ናት።

«የፊተኛውስ? ተነሳሁ የሚለው?» አልኩት።

«እሱ መዝገብ ገብቷል።»

ከሱ በላይ አላገኘሁም። ፈረምኩ፤ እንደ ባለፈው ጭረት አይደለም። ስሜን ከነአባቴ፣ እንደ ሱቅ ሰሌዳ፣ እያንዳንዷን ፊደል አቁሜ ጻፍኩት።

አሥራ አራቱን ቀን ጨረስኩ፤ በዋስ ወጣሁ። ልጅቷ ከኔ በፊት ወጥታለች፣ ዛሬም ትደውልልኛለች። ጋሼን ማንም አልጠራቸውም። ሰፈሩ ግን ፈረሰ፣ እድራችንም ተበተነ። እኔ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። «አነሳሳሁ» የምትለዋ ወረቀት ፊርማዬን ይዛ የሆነ ቦታ አቧራ እየጠጣች ነው። ትዝ ስትለኝ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። ተማርኩበት ብዬ አላሳምራትም፤ የገማ ነገር የገማ ነው። ብቻ ሳልንበረከክ ቀርቼ ቢሆን ሁለተኛዋም ከሷ ጎን ትቀመጥ ነበር።

ባለፈው ለአንድ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ የሚፈረም ቅጽ ሰጡኝ። እንደ ልማዴ ጣቴን አስቀምጬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሰልፉ ኋላዬ ያጉረመርማል፤ «ኧረ ሴትዮ፣ ነገም ቀን ነው!» የሚል አለ። ጨርሼ ፈርሜ ስዞር ከኋላዬ የነበሩት እናት ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ይዘዋል። ቀረብ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መነጽሬን ቤት ረስቼው ነው፣ ልጄ።»

«እኔም ብዙ ጊዜ ረስቼ አውቃለሁ» አልኳቸውና ወረቀቱን ተቀበልኳቸው።