ካርታ የሌለው ጉድጓድ

ወደ ክፍሉ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ቴሌቪዥኑን ነው። ሴቶቹ ጆንያ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ጥጉ ላይ ያለው የሽንት ባልዲ ክዳን የለውም፤ ግድግዳው ላይ ግን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከሥሩ፣ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ፣ ሪሞቱን ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው ሴት ዞራ አየችኝ። ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ጸሎት ቤት ለዓመታት ጎን ለጎን ዘምረናል።

«አካም ጂርታ፣ እህቴ? አንቺንም አመጡሽ?» አለች። ደስ ያላት ትመስል ነበር።

እኔን ያመጡኝ ጫካ ላሉት ታጣቂዎች መድኃኒት ትልካለች ተብዬ ነው። ትንሽ የመድኃኒት መደብር ነበረችኝ። ልኬ እንደሆነና እንዳልሆነ ያኔ ለመርማሪው አልመለስኩም፤ ዛሬ ለአንባቢም አልመልስም። እሷ የታሰረችው በመንግሥት ንብረት ምዝበራ ተጠርጥራ ነው። ለሷ ፍራሽና ሪሞት፣ ለእኛ ሲሚንቶ። የክፍሉ አለቃም እሷ ነበረች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ተከታታይ ፊልም ይታይ ነበር። የድሮ የባህር ሽፍቶች ደሴት ላይ ቀብረውት የሄዱትን ወርቅ ስለሚፈልጉ ሰዎች ነው፤ ወደ አማርኛ ተመልሷል። በውጭ አገር ልጅ ሁሉ የሚያነበው የታወቀ መጽሐፍ ነው ይባላል። እኛ ያወቅነው እዚያ ነው። ሴቶቹ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወሩት ይሰነብቱ ነበር።

«ይሄን ሁሉ ውሃ ይዘው አንድ ላም እንኳ የላቸውም!» ትል ነበር ከአርጆ የመጣች አንዲት ሴት።

ከሁሉ ያሳቃቸው ካርታው ነው። ሽፍቶቹ ወርቁ ያለበትን ቦታ ቆዳ ላይ ሥለው፣ ምልክት አድርገውበት፣ ከዚያ ለዚያው ቆዳ ይተራረዳሉ።

«ያ ዋቅ! የቀበሩትን ሥዕል ያወጡለታል?» አለች ይህችው የአርጆዋ ሴት። «እኔ ለባሌስ እነግራለሁ?»

ተሳቀ። ሁሉም የሚያውቁት ነገር ነበርና። በእኛ አገር ተኩስ ሲቀርብ ሰው የቻለውን ይሸከማል፣ ያልቻለውን ይቀብራል። ከጣራ የተነቀለ ቆርቆሮ፣ በርሜል ሙሉ በቆሎ፣ ድስት፣ የሰርግ ልብስ።

«አንቺስ ምን ቀበርሽ?» አለች አለቃችን፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

ለባሏ የማትነግረውን ለእሷ ነገረቻት። ቆርቆሮ ነው፤ ከቤቱ ኋላ፣ ከዋንዛው ሥር።

ብዙም ሳይቆይ ስንቅ ያመጣላት ወንድሟ ቆርቆሮው መወሰዱን በር ላይ ነገራት። የመጡት ሰዎች መሣሪያ ልንፈልግ ነው ብለዋል። ግቢውን ግን አልፈተሹም፤ ዶማቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ወደ ዋንዛው ሄዱ። የአርጆዋ ሴት ስታለቅስ አለቃችን አቅፋ አጽናናቻት፤ ጸለየችላትም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልሙን ትቼ እሷን ማየት ጀመርኩ። ቁፋሮ በታየ ቁጥር አንዷን ትመርጥና በለሰለሰ ድምፅ ትጠይቃለች።

ከኪራሙ የመጣች ልብስ ሰፊ ነበረች፣ የወሎ አነጋገር ያላት። የተያዘችው ወንድምሽ ከሌላኛው ወገን ታጣቂዎች ጋር ነው ተብላ ነው። ወዳጄ አልነበረችም። እሷ መንደሯን ያቃጠሉት የእኔ ሰዎች ናቸው ብላ ታስባለች፤ እኔም ስለ እሷ ሰዎች የማስበው ነበረኝ። አጠገብ ላጠገብ እየተኛን ሰላም አንባባልም። የስፌት መኪናዋን ቀብራ መሰደዷን ግን ሁላችንም ሰምተናል። ልጆቿ መጠለያ ውስጥ ናቸው፤ ስትፈታ መኪናዋን አውጥታ ልታሳድጋቸው ነው። ሌላ ምንም የላትም። ቦታውን ብቻ አልተናገረችም።

አንድ ቅዳሜ ፊልሙ ላይ ሳጥኑ ተገኘ። ሰዎቹ አፈሩን ጠርገው ክዳኑን መፈልቀቅ ጀመሩ። ሴቶቹ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ።

«እኔን እቱ፣ ያንቺን ዝገት አይበላብሽም?» አለች አለቃችን።

«በዘይት አርሼ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ነው» አለች የኪራሟ ሴት፣ ዓይኗ ሳጥኑ ላይ ተተክሎ።

«ጎሽ! ጓሮ ነው?»

«ጓሮስ አይደለም፣ ከ...»

ተነሥቼ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆምኩ።

«ኧረ አዴ፣ ዞር ይበሉ!»

«ሊከፍቱት እኮ ነው!»

«እኚህ ሴትዮ አበዱ እንዴ?»

ወደ ኪራሟ ሴት ዞርኩ። «የአርጆዋን ቆርቆሮ ያወጡት ሰዎች ካርታ አልያዙም ነበር» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። የአርጆዋ ሴት ቀስ ብላ ወደ ፍራሹ ተመለከተች።

አለቃችን ሳቅ ለማለት ሞከረች። «ለእሷ ነው የምትቆሚው? የወንድምሽን ልጅ የገደሉት የማን ሰዎች ናቸው?»

«የስፌት መኪና ሰው አይገድልም።»

«ጨል ጄዺ!» ብላ ጮኸች፣ ዝም በይ ለማለት። ዝም አልኩ። ከቦታዬ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

ዞር ስል ፊልሙ አልቆ ማስታወቂያ ነበር። ሴቶቹ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ስላስመለጥኳቸው ይቅር አላሉኝም። የዚያን ዕለት መኝታዬ ባልዲው አጠገብ ሆነ። ስንቄም ሳይደርሰኝ የሚቀርበት ቀን በዛ። የኪራሟ ሴትም አላመሰገነችኝም።

ዕቃሽን ያዢ ተብላ የተጠራች ቀን ግን ወደ ባልዲው መጣች። አጎንብሳ ቦታውን በጆሮዬ ነገረችኝ፤ የትኛው ዛፍ፣ በየት በኩል እንደሆነ።

«አልጠየቅኩሽም» አልኳት።

«ለዚያ ነዋ የነገርኩዎት» አለች። «እኔ ካልደረስኩ ለልጆቼ ይንገሩልኝ።»

እኔም ያለ ክስ፣ ያለ ይቅርታ ተለቀቅኩ። ኪራሙ ትድረስ አትድረስ አላውቅም፤ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የኖረው። ልጆቿን በየመጠለያው አስጠይቄ አላገኘኋቸውም። አሁንም አስጠይቃለሁ።

አለቃችን ከእኔ በፊት ነው የወጣችው። ባለፈው ገበያ መሀል አስቆመችኝና ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። ቀጥላ፦ «ያቺ የኪራሟ ልጅስ? መኪናዋን አገኘች ይሆን?» አለች። ዘንቢሌን አንሥቼ አለፍኳት።

ትዝታዬን እንደምጽፍ ሰምታለች። ይህን ስታነብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቦታውን ትፈልግ ይሆናል። ትፈልግ። አልጻፍኩትም።