ነቀዝ የገባበት ሥዕል

በጣሊያን አገር በፌራራ ከተማ «ኖርማ ብሬጎላ የተፋችበት ቅዱስ ያበራል» ይባላል። ስድብ አይደለም። ኖርማ የአሮጌ ሥዕል አዳሽ ናት፤ አርባ ዓመት ሙሉ በእንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልላ፣ በምራቋ እያራሰች፣ የጧፍ ጥላሸት ከመላእክት ጉንጭ ላይ ስትጠርግ ኖራለች። ለዚሁ ሥራ ብላ ሽንኩርት መብላት ትታለች።

አንድ ሰኞ የሙዚየሙ ኃላፊ ዶቶሬ ፎስኮ አንድ ዘመናዊ ሥዕል በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አመጣላት። ሟቹ ናንዶ ካቫላሪ ከሃምሳ ዓመት በፊት የሠራው ነው፤ ስሙ «እሁድ»። ሰማያዊ ሸራ ሆኖ መሐሉ ላይ እውነተኛ ዳቦ ተለጥፎበታል፤ ያው የከተማው ባለ አራት ቀንድ ጠምዛዛ ዳቦ።

«ነቀዝ ገብቶበታል» አለ ፎስኮ፣ ዘመድ እንደታመመበት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ ዳቦ አይደል ዶቶሬ? ሌላ ግዙና ለጥፉበት።»

«ኧረ ኖርማ! የናንዶ እጅ የነካው ዳቦ እኮ ነው! ፍርፋሪው እንኳ እንዳይጠፋ!»

ምን ታድርግ? ነቀዙን በማቀዝቀዣ ከትታ ገደለች። ከዚያ እያንዳንዱን ቀዳዳ በመርፌ ሙጫ ስትወጋ አምስት ወር አለፈ። የወደቀው ፍርፋሪ ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት ብልቃጥ ውስጥ ገባ። ባሏ ምሳ ላይ ዳቦ ሲቆርስ «ቀስ!» እያለች ትጮህበት ጀመር። አንዱ ቀንድ ግን ጨርሶ ዱቄት ስለሆነ የሙዚየሙ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ደንቡ አዲስ ነገር ከአሮጌው ይለይ ስለሚል፣ ቀንዱ ከሩቅ ሲያዩት ዳቦ፣ ቀረብ ሲሉ ግን ዳቦ ያልሆነ እንዲመስል ተወሰነ። ኖርማ ከእንጨት ጠርባ ሠራችው።

ሥዕሉ ሊሰቀል ሁለት ቀን ሲቀረው የናንዶ ሚስት፣ የሰማንያ ስምንት ዓመቷ ሲኞራ ዲርቼ፣ በምርኩዝ እየተራመዱ መጡ። ጎንበስ ብለው አዩት።

«ምነው ልጄ፣ አልቀየርሽውም እንዴ?»

«ምኑን እማማ?»

«ዳቦውን ነዋ! እኔ በየፋሲካው እቀይረው ነበር። የመጀመሪያውንማ ናንዶ ራሱ፣ ሥዕሉ በታየ ማግስት ርቦት ሞርታዴላ የሚሉትን ሥጋ ከትቶበት በላው። ይሄን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ጉልበቴን አመመኝና ተውኩት።»

አጠገባቸው ቆሞ ይሰማ የነበረው ፎስኮ የሚቀመጥበት ወንበር ፈለገ። ኖርማ መጀመሪያ እንባዋ መጣ፤ ቀጥሎ ግን ሳቅ ገነፈለባትና ጠረጴዛውን ይዛ ተንፈራፈረች።

«እባክዎ ለማንም እንዳይናገሩ» አለ ፎስኮ።

«ለማን እናገራለሁ? የማውቃቸው ሁሉ ሞተዋል።»

ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበ። የሠዓሊው ቤት ልማድ መቀየር ከሆነ አዲስ ዳቦ ይለጠፍ ተባለ። አሮጌውም ግን ይህን ያህል ሙጫ ጠጥቶ ዝም ብሎ አይጣልም፤ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበና የመስታወት ሣጥን ተሠራለት። ጠባቂው ማን ይሁን? ኖርማ።

በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዳቦ ቤት ሄዱ። ዲርቼ አንዱን እያነሱ ሌላውን እየጣሉ «ይሄ አልተጠመዘዘም፣ ይሄ አኩርፏል» ሲሉ ጋጋሪውን አስመረሩት። በመጨረሻ ሁለት መረጡ። አንዱ ሸራው ላይ ተለጠፈ። ሌላውን እዚያው ሥዕሉ ፊት ቆመው ቆረሱት።

«እዚህ መብላት ክልክል ነው!» አለ ፎስኮ እየሮጠ መጥቶ።

ዲርቼ አንዱን ቀንድ ሰብረው ሰጡት። ዙሪያውን አየ፤ ሰው የለም። በላው።