በሙሉ ድምፅ የወደቀው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ወልደአማኑኤል በአዋሳ መሃል ከተማ የሚፈራው አንድ ነገር ቢኖር ስኳር ነበር። ሲበላው አይደለም፤ ሲያስበው። በዚያ በደርግ ዘመን ስኳር የሚገኘው ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ ነው፤ የሱቁ ሊቀመንበር የሆነ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ስኳር ጎደለ ይባልና ይታሰራል። ያለፈው ሊቀመንበር ታስሯል፤ ከእሱ በፊት የነበረውም ገና አልተፈታም። ስለዚህ አዲስ ሊቀመንበር ሊመረጥ ስብሰባ ሲጠራ፣ ወልደአማኑኤል በአዳራሹ መጨረሻ ከሚስቱ ከወርቄ ጎን ጎንበስ ብሎ ተቀመጠ። የማይታይ መስሎት ነው፤ ቁመቱን ረስቶ።

ስብሰባውን የሚመሩት ካድሬ፣ ጓድ ባህሩ፣ ሥርዓቱን አስረዱ። መጀመሪያ ጥቆማ፣ ቀጥሎ ተጠቋሚው ይናገራል፣ ከዚያ እጅ በማውጣት ድምፅ ይሰጣል። ሳይጨርሱ የወልደአማኑኤል ጎረቤት ገብረየስ ብድግ አለ።

"ጓድ ወልደአማኑኤልን እጠቁማለሁ! ቁራጭ ጨርቅ እንኳ ለራሱ አያስቀርም!"

ስለ ልብስ ሰፊ ይህን ያህል ከተባለ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ወልደአማኑኤል ዘሎ ተነሳ።

"ጓዶች፣ እኔ አልችልም! ከእኔ የተሻለ ሞልቷል!"

አዳራሹ አጨበጨበ። መቼም ሹመት ሲመጣ "አልችልም" ማለት የጨዋ ልጅ ወግ ነው፤ የምሩን እምቢ የሚል ሰው ምን እንደሚል ግን ማንም አላሰበለትም። "ሒሳብ አላውቅም!" ቢል ጭብጨባው ባሰ። "ወገቤን ያመኛል!" ቢል እትዬ ደስታነሽ እልል አሉ። ጓድ ባህሩም "ትሕትና የአብዮተኛ ጌጥ ነው" ብለው ድምፅ ሊያሰጡ ተነሱ።

ያኔ ነው ብልጠት የመጣለት፤ ብልጠት ከተባለ።

"ጓዶች! ውሸቴን ነው!" ብሎ ደረቱን ነፋ። "እችላለሁ! በዚህ ቀበሌ እንደ እኔ ያለ ሰው የለም። ምረጡኝ! ባትመርጡኝ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ!"

ጭብጨባው ቀጥ አለ። እትዬ ደስታነሽ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ብለው አዘኑለት።

"የሚደግፍ?" አሉ ጓድ ባህሩ። አንድም እጅ አልወጣም።

"የሚቃወም?" አዳራሹ በሙሉ እጅ ሆነ። ሊቀመንበርነቱም፣ ተጠቁሞ ተራው ሲደርስ "ኧረ እኔ አልችልም" ብሎ በወጉ ለተግደረደረው ለገብረየስ ሆነ።

ወልደአማኑኤል ተረፈ። ደስ ሊለው ሲገባ ግን ከፋው። ስንት ዘመን ሱሪውን የሰፋለት ሕዝብ፣ አንድ ሰው እንኳ?

"አንቺስ?" አላት ወርቄን መንገድ ላይ። "አንድ እጅ ብታወጪልኝ ምን ነበረበት?"

"ያንተስ እጅ የት ነበር?" አለችው። "ጎንህ ነበርኩ እኮ! የሚቃወም ሲባል ቀድሞ የወጣው ያንተ ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አሉ።"

ለራሱ ያልሰጠውን ድምፅ ከሰው መጠበቁ እሱንም አሳቀው።

ከዚያ ወዲህ ስሙ "ጓድ ምረጡኝ" ሆኖ ቀረ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ በሩ ላይ "ምረጡኝ አለ?" ይላል። ወልደአማኑኤል ውርደቱ አንገበገበው፤ በዚህ ስም የጠራውን ሰው ቀና ብሎ አያይም ነበር።

ስኳር ጎደለ ተብሎ ገብረየስን አስረው የወሰዱት ዕለት፣ አንድ ደንበኛ "ምረጡኝ!" ብሎ ተጣራ።

"አቤት!" አለ ወልደአማኑኤል፣ ከመቀመጫው ተነስቶ።